ከኦቦ ደቻሳ ጋር ያሳለፍኳቸው እሁዶች

የምጽፍላችሁ ነገር የደረሰብኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ ዝቅ ብሎ ባለ ሰፈር ተከራይተን እንኖር ነበር። ብዙ ጊዜ ልጽፈው አስቤ ትቼዋለሁ። ሰሞኑን ግን አንዲት እህት እያለቀሰች እግዚአብሔር ከእኔ ምን ፈልጎ ነው ስትል ሰማኋት። እኔም ይህንኑ ጥያቄ እየጠየቅኩ የከረምኩበት ጊዜ ነበርና የሆነውን እንዳለ ልጽፈው ወሰንኩ።

አማረች እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና አጠገብ ባለ ገጠር ነው። ቡራዩ የመጣሁት ታላቅ እህቴን ተከትዬ ሲሆን፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብቼ መሥራት ጀመርኩ። ባለቤቴ ኤርሚያስም የአገሬ ልጅ ነው፤ ግንበኛ ነው። የተዋወቅነው በቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ፤ እሱ መዘመር ስለማይችል ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ያስገባና ያስወጣ ነበር።

ዘማሪ ነበርኩ ስል አልበም ያወጣሁ ማለቴ አይደለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት፤ መዝሙሩን የምመራው ግን እኔ ነበርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ድምፄን ሲያመሰግን ነው ያደግኩት። ስጸልይ እንኳ በቃል ከመናገር ይልቅ መዘመር ይቀለኝ ነበር። ሲከፋኝም ደስ ሲለኝም እዘምራለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ተቀምጬ ሳንጎራጉር ስለምውል፣ አጠገቤ ያሉት ልጆች ምን ሆንሽ ብለው የሚጠይቁኝ ዝም ያልኩ ቀን ነበር።

አንገቴ ላይ እብጠት የጀመረኝ ልጄን ቃልኪዳንን ከወለድኩ በኋላ ነው። እኛ አገር እንቅርት ብርቅ ስላልሆነ አልደነገጥኩም። እያደገ ሄዶ ስተኛ ሲያፍነኝ ግን ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ መውጣት አለበት ተባለ። ሐኪሙ አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ነርቭ እዚያው አጠገብ እንደሚያልፍና አልፎ አልፎ ሊጎዳ እንደሚችል ነግሮኝ ነው የተስማማሁት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ላይ ይደርሳል ብዬ አልገመትኩም። ድምፄን የሰጠኝ ጌታ ለራሱ ሥራ ስለሆነ ይጠብቀዋል ብዬ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ ኤርሚያስን ጠራሁት። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ሐኪሙ እብጠቱ ነርቩን ከቦት ስለነበር ሳይነኩት ማውጣት እንዳልተቻለ ነገረኝ። ድምፄ ቀስ እያለ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል፣ እስከ ዓመት ድረስ በእርግጠኝነት ምንም ማለት እንደማይቻል ነገረኝ። ሳይደብቅ ስለነገረኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ፊቴን አዞርኩበት።

ድምፅ ማጣት ምን እንደሆነ ያልደረሰበት ሰው አያውቀውም። ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ነካ አድርጌ እሱ እንዲልልኝ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ልለምነው መስሎት ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ፋብሪካ ውስጥ በማሽኑ ጩኸት መሀል ሹክሹክታዬን የሚሰማ ስለሌለ ሥራ የምነጋገረው በእጄ ሆነ። አንድ ቀን ቃልኪዳን ኳስ ተከትላ ከግቢ ወጥታ ወደ መኪና መንገዱ ስትሮጥ አየኋት። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። የቆርቆሮውን በር በሁለት እጄ ስደበድበው ደንግጣ ቆመች። ከዚያ በኋላ እዚያው በሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቅሶዬም ድምፅ አልነበረውም።

ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብዙ ጸለዩልኝ። መጀመሪያ ያጽናናኝ ነበር። ወራት ሲያልፉ ግን አንዳንዱ ሰው ሲያየኝ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ተለወጠ። እንዴት ነሽ ማለቱ ቀረና፣ እስቲ ተናገሪ፣ እስቲ ሞክሪ ማለት መጣ። ስሞክርና ሲያቅተኝ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ከሕመሙ ይብስብኝ ነበር።

አንድ እሁድ እንግዳ አገልጋይ መጣ። ስለ ፈውስ ሲያስተምር ቆየና፣ እኔ ከፊት ስለነበርኩ አንዱ ጠቆመውና ወደ መድረክ ጠራኝ። እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ጸለየ። ጉባኤው በእልልታና በጭብጨባ ተቀበለው። ከዚያ ማይኩን አፌ ላይ አድርጎ፣ ዘምሪ አለኝ።

በዚያች ቅጽበት ይሆናል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አየር ስቤ ጀመርኩ። በድምፅ ማጉያው የወጣው እንደ ንፋስ ያለ ነገር ነው። ሰውየው ደግሜ እንድሞክር ነገረኝ፤ ደገምኩት። ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ጸጥ አለ። እሱም በማይኩ፣ እግዚአብሔር የበኩሉን ጨርሷል፣ የቀረው ግን ከጥርጣሬ መላቀቅ ነው አለ። ክፉ ሰው ይመስለኛል ብዬ አይደለም የምጽፈው። ግን ከዚያ መድረክ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ኤርሚያስ ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎልኝ ከአዳራሹ እንደወጣን ብቻ አስታውሳለሁ።

ከዚያ እሁድ በኋላ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ኤርሚያስ አንዴም ተነሽ ብሎ አላስገደደኝም። ልጃችንን አልብሶ ይዟት ይሄዳል፤ እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ ቤት አስተካክላለሁ። መጸለዩንም ተውኩት። አንድ ጊዜ ብቻ በሆዴ ያልኩትን አስታውሳለሁ። እጅ አለኝ፣ እግር አለኝ፣ ለአንተ የምዘምርበትን ድምፄን ልትወስድ ለምን መረጥክ አልኩት። መልስ ሳጣ ድጋሚ አልጠየቅኩትም።

ፓስተራችን አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠብቀው ቤት ገቡ። ይመክሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ያን ቀን ነገሩን ማስቆም ሲገባቸው ዝም በማለታቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። ለምን እንደደረሰብኝ ያውቁ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

"አላውቅም፣ አማረች" አሉኝ። "አውቃለሁ ብልሽ እዋሻለሁ።"

ሲወጡ ትንሽ ቅልል እንዳለኝ አስታውሳለሁ። ቢሆንም በሚቀጥለው እሁድ አልሄድኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የምንኖርበት ግቢ ባለቤቶች ኦቦ ደቻሳና አዴ በቀለች ይባላሉ። ኦቦና አዴ በኦሮምኛ አቶና ወይዘሮ እንደማለት ነው። የአካባቢው ነባር ገበሬዎች፣ አጥባቂ ኦርቶዶክሶች ናቸው። እርሻቸው አብዛኛው መኖሪያ ቤት ሆኖ፣ ጓሮና ጥቂት ላሞች ቀርተዋቸዋል። ልጆቻቸው ተበታትነዋል፤ ቅርብ ያለችው ሱሉልታ ያገባችው ሴት ልጃቸው ብቻ ናት።

ኦቦ ደቻሳ በሰፈሩ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የቦታ ወሰን ሲያከራክር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየተሻገሩ ሲያወሩ የተቆጣው ሰው ራሱ ሳያስበው ይስቃል። እኛ ቤቱን ልንከራይ የሄድን ቀን ስለ ኪራይ ሳናወራ ስለ ሆሳዕና ድንች ሲጠይቁን አመሸን።

እኔ ከመታከሜ ትንሽ ቀደም ብሎ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸው ጠፋ። የቀረችላቸው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ቶሌ። በኦሮምኛ እሺ ማለት ነው። ውኃ ሲፈልጉ ቶሌ፣ ሲያማቸው ቶሌ፣ ሲናደዱም ቶሌ ይላሉ። ሰው አእምሯቸው የተነካ መሰለው። ሊጠይቃቸው የሚመጣው ሁሉ የማይሰሙ ይመስል ጆሯቸው ሥር ይጮሃል፤ አወቁኝ ወይ፣ ማን ነኝ ይላቸዋል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ጠያቂውም ቀስ በቀስ ቀነሰ።

አንድ ቀን አዴ በቀለች ልብስ ሳሰጣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"አንቺ እሁድ እቤት ነሽ አይደል?" አሉኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"እኔ እሱ ከወደቀ ወዲህ ቅዳሴ አልቆምኩም። ትቼው መሄድ እፈራለሁ። አንድ እሁድ ብቻ አጠገቡ ብትቀመጪልኝ?"

ወደ ጉሮሮዬ አመለከትኩና፣ ቢጠሩኝ እንኳ ቶሎ መመለስ እንደማልችል በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

"እሱስ መች ይጠራሻል?" አሉ።

ሳንፈልግ ሁለታችንም ሳቅን። እሺ አልኳቸው። ያልኩትም በእምነት ወይም በቸርነት አልነበረም፤ ትልቅ ሰው ስለጠየቁኝ እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው።

በመጀመሪያው እሁድ ከአልጋቸው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ኦቦ ደቻሳ አዩኝና እንደለመዱት ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ መጮህ ስለማልችል ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ሥር፣ አዴ በቀለች ቅዳሴ ሄደዋል፣ ሲጨርሱ ይመጣሉ፣ እኔ እዚህ ነኝ አልኳቸው። ቀስ ብለው ዞረው ትክ ብለው አዩኝ። ከታመሙ ወዲህ ማንም እንደዚያ በዝግታ አናግሯቸው አያውቅም ነበር። ምን እንደገባቸው አላውቅም። በደህናው እጃቸው የበርጩማዬን ጫፍ ይዘው ወደ አልጋው ትንሽ ጎተቱት።

አንድ እሁድ የተባለው ልማድ ሆነ። ኤርሚያስና ቃልኪዳን ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን፣ አዴ በቀለች ወደ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ እኔና ኦቦ ደቻሳ እንቀራለን። አጃ አጠጣቸዋለሁ፣ ትራሳቸውን አስተካክላለሁ፣ በር ከፍቼ ላሞቹን እንዲያዩ አደርጋለሁ። አንዳንዴ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ልጄ አወራቸዋለሁ። ሹክሹክታዬን ለመስማት ትንፋሻቸውን ይዘው ያዳምጡኛል። አእምሯቸው ሙሉ እንደነበር የማውቀው ከዓይናቸው ነው። የሚያስቅ ሳወራ ዓይናቸው ከእኔ ቀድሞ ይስቃል።

ከእነዚያ እሁዶች አንዱን ግን አልረሳውም። ከማዶ ካለችው ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ድምፅ በንፋስ እየመጣ ይሰማል። ኦቦ ደቻሳ ያን ቀን ጠዋት ከነቁ ጀምሮ አንድ ነገር ሊነግሩኝ ይሞክራሉ። በግራ እጃቸው ወደ በሩ እያመለከቱ ቶሌ፣ ቶሌ ይላሉ። በሩን ከፈትኩ፤ አይደለም። ውኃ አመጣሁ፤ ገፉት። ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ነጠላ፤ ያልሞከርኩት የለም። ቶሌ እያሉ አልጋውን በቡጢ መቱት። ከዚያ እንባቸው በጉንጫቸው መውረድ ጀመረ፤ በደህናው እጃቸው እንኳ አልጠረጉትም።

ያን ሳይ የእኔም ጉልበት አለቀ። የሚፈልጉትን ማወቅ አልቻልኩም፤ እሳቸውም ሊነግሩኝ አልቻሉም። ሁለታችንም ያለ ድምፅ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተን መቅረታችን ታየኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሬን ደገፍኩ።

እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም። አስቤው አይደለም። ከወራት ዝምታ በኋላ አፌ ላይ የመጣው ገና ማንበብ ሳልችል እናቴ ያስጠናችኝ ጸሎት ነው፤ አባታችን ሆይ። ያልኩት ለኦቦ ደቻሳ አልነበረም። ለራሴ ነው፣ እዚያው ብርድ ልብሱ ውስጥ፣ በትንፋሽ።

ስለ ዕለት እንጀራ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ከበላዬ ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

መጀመሪያ ከቅዳሴው የመጣ መሰለኝ። ቀና ስል ኦቦ ደቻሳ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከአፋቸው የሚወጣው ቶሌ አልነበረም፤ ቃል ነበር። ትንሽ የተንቀረፈፈ፣ ግን አንዱ ከሌላው ሳይምታታ የሚወጣ ቃል። እኔ ደንግጬ ስቆም እሳቸውም ቆሙ፤ ዓይናቸውን ገልጠው ጠበቁኝ። እጄን እጃቸው ላይ አድርጌ ካቆምኩበት ቀጠልኩ፤ እሳቸውም ቀጠሉ። ይቅር ስለመባባል የሚለውን አልፈን እስከ አሜን አብረን ደረስን።

ከአሜን በኋላ አንድ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ቶሌ ነው። ሁለታችንም ሳቅን፤ እያለቀስን። በሩን ሲያሳዩኝ የነበረው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቅዳሴውን ነበር። መጸለይ ፈልገው መነሻው ጠፍቶባቸው ነበር።

አዴ በቀለች ሲመለሱ ምን እንደሆነ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ በደስታ ሹክሹክታዬ ተደነቃቀፈ። ስለዚህ መናገሩን ትቼ ከአልጋው አጠገብ ቁጭ አልኩና ጀመርኩት። ኦቦ ደቻሳ ተከተሉኝ። አዴ በቀለች ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ጫማቸው በእጃቸው እንደተንጠለጠለ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ስንጨርስ ጫማውን አስቀመጡና መጥተው የባላቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ድምፅህን ሳልሰማ የምሞት መስሎኝ ነበር" አሏቸው።

ነገሩ በሰፈሩ ተሰማ። ተአምር ነው ያለ አለ። በየጊዜው እየመጣ እጅና እግራቸውን የሚያንቀሳቅስላቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ ሲሰማ ብዙም አልደነቀው። በስትሮክ ንግግር ያጣ ሰው በልጅነቱ በቃሉ የያዘውን ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቁጥር ማለት የሚችልበት ጊዜ እንዳለ፣ እነዚያ ነገሮች ከተራ ወሬ የተለየ ቦታ እንደሚቀመጡ አስረዳን። እኔን ቅር እንዳይለኝ የፈራ ይመስላል። አዴ በቀለች ግን ሰምተውት ሲያበቁ፣ እግዜር በሽታ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጦለት ነበራ አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ደቻሳ ጠዋትና ማታ ከባለቤታቸው ጋር፣ እሁድ ከእኔ ጋር ይጸልያሉ። መጀመር ለብቻቸው አይችሉም፤ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ሲሰጣቸው ግን ይሄዳሉ። ቀስ እያለ ሌላም ነገር ተጨመረ። አንድ ጠዋት ገብቼ አካም ቡልታኒ፣ እንዴት አደሩ ስላቸው፣ ነጋ አሉኝ፤ ደህና ማለታቸው ነው። እሳቸውም ተገርመው አዩኝ። ተራ ወሬ ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሰላቸውም።

አንዳንድ ጎረቤት፣ ጴንጤዋ ከእሳቸው ጋር ምን ትሠራለች ብሎ አዴ በቀለችን ጠይቋቸው ነበር አሉ። እሳቸው የመለሱት፣ ጸሎቱ የእኛም ነው የእሷም ነው ብለው ብቻ ነው። ከእኛ በኩልም እንዲሁ የጠየቀኝ አልጠፋም። ኤርሚያስ ነው የመለሰልኝ፤ ከዚያ ቤት ስትመለስ ፊቷን አይቻለሁ አለው።

በእኔ ላይ የሆነውን ለማስረዳት ይቸግረኛል። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጬ የጸለይኩት ያለ ዜማ፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ጭብጨባ ነው። በውስጤ ደስታም እምነትም አልነበረም። ከዚያ በፊት እንደዚህ ያለ ጸሎት ወደ እግዚአብሔር ይደርሳል ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ድምፄ ሲጠፋ ወደ እሱ የምሄድበት መንገድ አብሮ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እኔ ወዳለሁበት መጥቶ እንደነበር የገባኝ፣ በሌላ ሰው አፍ አብሮኝ ሲጸልይ ከሰማሁ በኋላ ነው። ለምን እንዲህ አደረግከኝ የሚለው ጥያቄዬ አልተመለሰም። ነገር ግን እሱን እየጠየቅኩም አብሬው መቀመጥ እንደምችል አወቅኩ።

ትንሽ ቆይቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። አዴ በቀለች በማለዳው ቅዳሴ፣ እኔ ረፋድ ላይ ባለው የእኛ አምልኮ ሆነን ኦቦ ደቻሳን በየተራ ጠበቅናቸው። የመጀመሪያው ቀን ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። መዘምራኑ ሲዘምሩ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ግን ተነስቼ አልወጣሁም። ፓስተራችን ሲያዩኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም አሉኝ። በኋላ ከታመሙ ሰዎች ጋር የሚቀመጥ ሰው ሲፈለግ ስሜን ሰጠሁ። አሁን ቡራዩም፣ ፉሪም፣ ሰበታም፣ የታመመ ሰው ሲኖር እሄዳለሁ። የምሰብከው ነገር የለም። ብዙ የሚናገር ሰው ቀድሞኝ ሄዶ ስለሚሆን፣ እኔ ስገባ በሽተኛው እፎይ ሲል አያለሁ።

ድምፄ ከዓመት በላይ ቆይቶ በከፊል ተመለሰ። የድሮው ግን አይደለም። ጎርናና ነው፤ ከፍ ሊል ሲሞክር ይሰነጠቃል። ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት እችላለሁ፤ የመጀመሪያ ጊዜ ስለው ረዳቱ ወንድ መስሎት ዞሮ ፈለገኝ። ልጄን ከግቢ በር ሆኜ እጠራታለሁ። መዝሙር መምራት ግን አልችልም። አሁን የምትመራው ልጅ ከእኔ በኋላ መዘምራን የገባች ናት፤ ጎበዝ ናት። መጀመሪያ ስሰማት ይከፋኝ ነበር። ዛሬ የምታወጣውን ዜማ በልቤ እከተለዋለሁ።

ኦቦ ደቻሳ ያረፉት ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ነው። ዳግመኛ ስትሮክ መታቸውና ነጋ የምትለዋም ቃል ጠፋች። በመጨረሻው ቀን ጠዋት አዴ በቀለች በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ተቀምጠን ጸሎቱን ጀመርን። ቃሉን መከተል አልቻሉም። ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር፤ እኔ የማውቀው ዓይነት፣ ድምፅ የሌለው እንቅስቃሴ ነው። ምን እያሉ እንደሆነ ሌላ ሰው ላይገባው ይችላል። እኔ ገብቶኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ቄሱ መጥተው አጠገባቸው ሳሉ፣ ኦቦ ደቻሳ አረፉ።

በለቅሶው ቀን ግቢው ጠበበ። ሰፈሩን ሙሉ ያስታረቁ ሰው ናቸውና ያልመጣ የለም። ሴቶቹ ድምፃቸውን አውጥተው እየደረደሩ ያለቅሳሉ፤ እኔ አልችልም። ቤተ ዘመድ ፊት እንደማያዝን ሰው መታየቱ አሳፍሮኝ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ነበር። አዴ በቀለች ከሴቶቹ መሀል ቀና ብለው ፈለጉኝ፤ ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝና ከጎናቸው አስቀመጡኝ። አንዲት ዘመዳቸው እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም፣ ደቻሳ አብሯት የጸለየ ልጅ ናት አሏት። ከዚያ በላይ አላስረዱም።

አንዳንድ ሰው ታሪኩን ሲሰማ፣ ድምፅሽ ባይጠፋ ኖሮ ትመርጪ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። አዎ እላለሁ። እግዚአብሔር ፊት ሌላ ብል መዋሸት ነው። መዝሙር ሲጀመር ደረቴ ውስጥ የሚነሳውን የማውቀው እኔ ነኝ። ይሁንና ያን ድምፅ ይዤ እነዚያን እሁዶች ሳላያቸው ብቀር ኖሮ፣ ስለ እግዚአብሔር ብዙ እየዘመርኩ በቅርበት ሳላውቀው እቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ሕመሙን በረከት ነው ብዬ ማንንም አላባብልም። በሕመሙ ውስጥ ግን ብቻዬን አልነበርኩም፤ ይህን እመሰክራለሁ።

አሁን የምንኖረው ሌላ ቤት ነው። ቢሆንም እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ፣ ኤርሚያስና ቃልኪዳን ወደ ቤት ሲሄዱ እኔ ወደ አዴ በቀለች ጎራ እላለሁ። እሳቸውም ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን እያጣጠፉ ይቆዩኛል። አንዳንዴ ስለ ልጆቹ ያወሩኛል፤ አንዳንዴ የምናወራው ይጠፋና በተከፈተው በር ላሞቹን እያየን እንቀመጣለን። ድሮ እንዲህ ዓይነት ጸጥታ ሲመጣ ቶሎ በመዝሙር የምሞላው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ዝም ብዬ እቀመጥበታለሁ፤ ልቤም አይፈራም።